በድንጋይ ላይ ስለሚጣበቀው የሞጆ ወንዝ ትንሽ ዓሣ

ስለ አረርቲ ሲነገር ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ጤፉን ነው፤ ቀጥሎም ሽምብራውንና ምስሩን። የምንጃር ነጭ ጤፍ በአዲስ አበባ ገበያ በስሙ ይጠየቃል፤ የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ጣቢያም ካወጣቸው የሽምብራ ዘሮች አንዱን «አረርቲ» ብሎ ሰይሞታል። ስለ ውኃ የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን የምንጃር ሰው መልሱ ሌላ ነው። በሜዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ይጨቀያል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ወንዙ በገደል ውስጥ ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ ገበሬው የዝናቡን ውኃ በኩሬ እያጠራቀመ የሽንኩርት ችግኝ ያፈላበታል። ከሩቅ አገር ሰው ተጉዞ የሚመጣበት ውኃ ደግሞ የሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ነው። እንዲህ ባለ አገር ተቀምጦ ስለ ዓሣ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንደ ቀልድ ሊታየው ይችላል።

ዳሩ ግን ከአረርቲ ተነሥቶ በእጀሬ በኩል ወደ ሞጆ በሚወርደው መንገድ የሚጓዝ ሰው ከመንገዱ መጨረሻ የሚያገኘው ወንዝ በዓለም የዓሣ መጻሕፍት ውስጥ በስሙ የተመዘገበ ወንዝ ነው። ያስመዘገበውም ትልቅ ዓሣ አይደለም፤ ርዝመቱ ከሰው ጣት የማይበልጥ፣ ለገበያም ለወጥም የማይሆን፣ ከድንጋይ ላይ በከንፈሩ ተጣብቆ የሚኖር አንድ ትንሽ የአምባዛ ዘመድ ነው። ሊቃውንት «ኪሎግላኒስ ሞጄንሲስ» ይሉታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዓሣ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደ ሆነ፣ በኃይለኛ ውኃ ውስጥ እንዴት ሊኖር እንደ ቻለ፣ ከአገሩ ሰው ሥራና ልማድ ጋርስ በምን እንደሚገናኝ ማስረዳት ነው።

ነገሩን ለአንድ የአረርቲ አዛውንት ባጫወትኋቸው ጊዜ፥ «ልጄ፣ አምባዛ እኮ የጭቃ ልጅ ነው፤ ድንጋይ ላይ ምን ሊፈልግ ይወጣል?» ብለው ሳቁብኝ። ንግግራቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም። እኛ አምባዛ ብለን የምናውቀው፣ በሐይቁና በረግረጉ የሚገኘው ትልቁ ዓሣ፣ በእርግጥ የጭቃ ልጅ ነው። ከጕረሮው በላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነ ተጨማሪ መተንፈሻ ስላለው ውኃው ቢደፈርስና ቢጎድል፣ ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር ስቦ ሌሎች ዓሣዎች በሚያልቁበት ጭቃ ውስጥ ይሰነብታል። የሞጆው ትንሽ ዓሣ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘመዱ በደፈረሰና በቆመ ውኃ ሲኖር እርሱ ንጹሕና ሯጭ ውኃ ካላገኘ መኖር አይችልም። ሁለቱም ጢም አላቸው፤ ሁለቱም ቅርፊት የላቸውም፤ ኑሯቸው ግን እንደ ቆላና እንደ ደጋ ሰው የተለያየ ነው።

አስቀድሞ ስለ ውኃው መንገድ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሰሜን ሸዋ ደጋ እንደ ቤት ጣራ ክፈፍ ነው፤ በላዩ የሚወርደው አንድ ዝናብ በሁለት ወገን ይከፈላል። በደብረ ብርሃን አጠገብ የሚፈሰው በረሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል፤ ከዚያም በሱዳንና በግብፅ አልፎ ከሜዲተራኒያን ባሕር ይደርሳል። ከአንኮበር ተረተር በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ግን ወደ አዋሽ ነው። የምንጃርን ምድር በሰሜን በኩል የሚያካልለው ከሰምም፣ በደቡብ ምዕራብ ያለው ሞጆም የአዋሽ ገባሮች ናቸው። አዋሽ ደግሞ ከባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ከፍተኛ አገር ተነሥቶ ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ውስጥ ይሰወራል። ለዓሣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወፍ በተራራ ላይ ያልፋል፤ ሰውም በቅሎውን ጭኖ ይሻገራል፤ ዓሣ ግን ከወንዙ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ከአዋሽ ሥርዓት ውስጥ የገባ ዓሣ ከሌላ ወንዝ ዘመዶቹ ጋር ተቆራርጦ፣ በተዘጋ አጥር ውስጥ እንደ ቀረ መንጋ በገዛ ራሱ ይዋለዳል። ለብዙ ሺህ ዓመታት እንዲህ ሲሆን የሰውነቱ አቋም ቀስ በቀስ ከሌላው እየተለየ ይሄዳል። ስለዚህ በአዋሽ ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሣዎች መኖራቸው የሚያስገርም አይደለም።

ይህን ዓሣ በመጀመሪያ በጽሑፍ ያስታወቀው ዦርዥ አልበር ቡላንዤ የተባለው ሊቅ ነው። ቡላንዤ በ1858 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በብራስልስ ተወልዶ ዕድሜውን አብዛኛውን በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ያሳለፈ ሰው ነው። ከመላው ዓለም በአልኮል እየተነከሩ የሚላኩለትን ዓሣዎች፣ እንቍራሪቶችና እባቦች እየመረመረ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶችን ስም አውጥቷል። ከ1909 እስከ 1916 ዓ.ም. በአራት ጥራዝ ያሳተመው የአፍሪካ የወንዝና የሐይቅ ዓሣዎች ዝርዝርም እስከ ዛሬ ድረስ ተመራማሪዎች የሚገልጡት መጽሐፍ ነው። በ1920 ዓ.ም. ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ደግሞ ዓሣውን ሁሉ ትቶ የጽጌረዳ አበባን ወደ መመርመር ዞረ ይባላል፤ ይህን የሰማ ሰው የሊቃውንት ጠባይ እንግዳ ነው ቢል አይፈረድበትም። የሞጆውን ዓሣ የሰየመው በ1904 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከድሬዳዋ አላለፈም፤ የሞጆም ከተማ ገና በባቡር ጣቢያዋ የምትታወቅ አልነበረችም። ከተማው ሳይታወቅ ዓሣው በወንዙ ስም ታወቀ ማለት ነው።

ስሙ ሁለት ክፍል አለው። «ኪሎግላኒስ» የሚለው ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን የመጀመሪያው ቃል ከንፈር፣ ሁለተኛው ጢማሙ ዓሣ ማለት ነው፤ ባጭሩ «ከንፈራሙ አምባዛ» ብንለው ያስኬዳል። ይህን የወገን ስም ያወጣው በርሊን ይሠራ የነበረው ቪልሄልም ፔተርስ ነው፤ ዓመቱም 1868 ዓ.ም. ነው። «ሞጄንሲስ» የሚለው ደግሞ በላቲን «የሞጆ» ማለት ነው። በዚህ ዓይነት የአገራችን ቦታዎች ስም በብዙ ዓሣዎች ላይ ይገኛል። የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርት ሩፔል ወደ ጣና በመጣ ጊዜ ያገኘውን አንድ ዓሣ በ1835 ዓ.ም. የደንቢያ ብሎ ሰይሞታል፤ ቡላንዤም በዚያው በ1904 ዓ.ም. ከመቂ ወንዝ የተገኘውን የመቂ ብሎታል። የከንፈራሞቹ ወገን በአፍሪካ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ዛሬ ከ60 በላይ ዓይነቶች ተቆጥረውለታል፤ ተመራማሪዎች የፏፏቴና የገደል ውኃዎችን በጥንቃቄ ሲመረምሩም አዲስ ይጨመርበታል።

አሁን ወደ ሰውነቱ አቋም እንመለስ። ዓሣው ሲያዩት ከፊት በኩል ሰፋ ብሎ ወደ ኋላ እየቀጠነ የሚሄድ ነው፤ ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ጕብጥ ያለ፣ ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ ላይ ወደ ሰማይ የሚያዩ ናቸው። ቈዳው ቅርፊት የለበሰ አይደለም፤ ልሙጥ ነው፤ ቀለሙም ነጠብጣብና ጥላ የተቀላቀለበት በመሆኑ ከድንጋዩ ለመለየት ያስቸግራል። በጀርባውና በጎኖቹ ክንፎች ፊት ጠንካራ እሾህ አለው፤ ከጅራቱ አጠገብ ደግሞ አጥንት የሌለበት ሥጋማ ትንሽ ክንፍ ይገኛል። ትልቁ ነገር ግን ከበታች ነው። ገልብጠው ቢያዩት አፉ ከጭንቅላቱ ሥር ሆኖ፣ የላይኛውና የታችኛው ከንፈር እጅግ ሰፍተው፣ በዙሪያው ተጋጥመው እንደ ስኒ ማስቀመጫ ክብ ሆነው ይታያሉ። ሌሎች ዘመዶቹ አንጠልጥለው የሚሄዱት ጢም በእርሱ ዘንድ አብዛኛው ከዚህ ክብ ጋር ተዋሕዷል፤ ጫፍ ጫፉ ብቻ በዳር በኩል ይቀራል። የክቡም ገጽ ልሙጥ አይደለም፤ በጥቃቅን ኪንታሮት መሰል ጕብታዎች የተሸፈነ ነው። በመካከሉ ያሉት የታችኛው መንጋጋ ጥርሶች ተደራርበውና ተጠጋግተው የቆሙ ናቸው፤ ሊቃውንትም አንዱን ዓይነት ከሌላው ሲለዩ እነዚህን ጥርሶች ይቈጥራሉ።

የዚህን ክብ ከንፈር ሥራ ለማስረዳት ከአልቅት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በምንጭ ላይ ከብት ያጠጣ ሰው ሁሉ አልቅትን ያውቃል፤ ከበሬው ምላስ ሥር ስትጣበቅ ያላት ኃይል ከሰውነቷ ትንሽነት ጋር አይመጣጠንም። ዘዴው አንድ ነው። ክቡ ከድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ጠርዙ ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ መካከሉ ትንሽ ከፍ ሲል ከውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው ያንሳል፤ የውጪውም ውኃ ዓሣውን ከድንጋዩ ጋር ይጫነዋል። እንግዲህ ዓሣውን የሚይዘው ሙጫ አይደለም፤ ራሱ ውኃው ነው። ልዩነቱ አልቅት ለደም ስትጣበቅ ዓሣው ለኑሮ መጣበቁ ነው፤ ማንንም አይጎዳም።

ይሁን እንጂ ከንፈሩ ብቻውን አይበቃም። በክረምት ሙላት ወንዝ የተሻገረ ሰው እንደሚያውቀው ውኃ ጕልበት ላይ ሲደርስ የሚገፋው ኃይል ከእግር ጫማ አጠገብ ከሚገፋው ይበልጣል። የሚፈስ ውኃ ከድንጋይ ጋር በሚነካካበት ገጽ ላይ በመተሻሸት ይዘገያል፤ ከድንጋዩ ጋር የተጠጋው ቀጭን ሽፋን ከቶ የቆመ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ከፍ ባለ ቍጥር ይፈጥናል። ሰውነቱ ጠፍጣፋ የሆነ ፍጥረት እንግዲህ ከፈጣኑ ውኃ ሥር ዝቅ ብሎ በዘገየው ውስጥ ይተኛል። ሾጠጥ ብሎ የተሠራው ግንባሩም የሚመጣውን ውኃ ወደ ላይና ወደ ጎን ያሳልፈዋል። ከዚህም በላይ ሌሎች ዓሣዎች በውኃ መካከል ለመንሳፈፍ የሚጠቀሙበት በሆዳቸው ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት በዚህ ወገን እጅግ አንሷል። ለምን ቢባል፥ ለመንሳፈፍ የሚረዳ ነገር ከድንጋይ ላይ ለመቀመጥ ለሚፈልግ ዕዳ ነው እንጂ ጥቅም አይደለም።

እንዲህ ያለ ድካም የሚደክመው ለምንድር ነው? ጸጥ ባለው ኩሬ ለምን አይኖርም? ብለን እንጠይቅ። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተላተመ፣ አረፋ እያነሣ የሚወርድ ውኃ ከአየር ጋር ስለሚቀላቀል ለመተንፈስ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን በብዛት ይይዛል። ጭቃ አይረጋበትም፤ ስለዚህ ፀሐይ ከድንጋዩ ትደርሳለች፤ በድንጋዩም ላይ ያ እግር የሚያንሸራትተው አረንጓዴ ልብስ ይበቅላል። በዚያ ልብስ ውስጥ ደግሞ የልዩ ልዩ ነፍሳት እጭ ይርመሰመሳል። ከንፈራሙ ዓሣ ይህን በጥርሱ እየፋቀ ይመገባል፤ ማዕዱም ቤቱም ያው ድንጋይ ነው። ትልልቆቹ በላተኞች ዓሣዎች ደግሞ በእንዲህ ያለ ቦታ በቀላሉ ሊያሳድዱት አይችሉም። ድካም የሚመስለው ኑሮ በመሠረቱ ትርፍ አለው ማለት ነው።

በአዋሽ ገባሮች ውስጥ ከድንጋይ የሚጣበቀው ዓሣ እርሱ ብቻ አለመሆኑን መናገር ይገባል፤ ብዙ ሰው አንዱን በሌላው ይሳሳታልና። «ጋራ» የሚባል ሌላ ወገን አለ። ይህ ስም እኛ ተራራ ከምንለው ጋራ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ፍራንሲስ ሃሚልተን የተባለ ሰው በ1822 ዓ.ም. የጋንጅ ወንዝን ዓሣዎች ሲጽፍ ከሕንድ አገር ቋንቋ የወሰደው ነው። ቀደም ሲል ያነሣናቸው የደንቢያውና የመቂው ዓሣዎች ሁለቱም ከጋራ ወገን ናቸው። ጋራ ቅርፊት አለው፤ የጢማሞች ዘመድ ሳይሆን በገበያ ቢልጫ የምንለው ዓሣ ዘመድ ነው። የመጣበቂያውም ክብ ከአፉ ኋላ ከአገጩ በታች ነው እንጂ እንደ ኪሎግላኒስ አፉን ከብቦ የተሠራ አይደለም። ሁለቱ በትውልድ እጅግ የተራራቁ ሲሆኑ አንድ ዓይነት ውኃ አንድ ዓይነት መሣሪያ አስፈልጓቸዋል። በደቡብ አሜሪካ ተራራማ ወንዞች በአፋቸው የሚጣበቁ ሌሎች ጢማም ዓሣዎች ይኖራሉ፤ በሂማላያ ወንዞች ደግሞ በደረታቸው ቈዳ እጥፋት የሚጣበቁ አሉ። የሕንዱ ሊቅ ሱንደር ላል ሆራ በ1930 ዓ.ም. ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ በኃይለኛ ውኃ የሚኖሩ እንስሳት ሁሉ እንዴት ባለ አቋም ከኑሯቸው ጋር እንደተስማሙ በዝርዝር አሳይቷል። ምንም እንኳን ስለ ሌላ አገር ቢጽፍ የሞጆን ድንጋይ ያየ ያህል ነው።

ስለ ሰውና ስለ ዓሣው ግንኙነት ደግሞ ጥቂት እንበል። በደጋውና በወይና ደጋው ያለ ክርስቲያን ዓሣን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በጾም ወራት ነው፤ እርሱም ቢሆን ከዝዋይ ወይም ከቆቃ በሚመጣው ነው። ገበያው ቆሮሶን፣ ቢልጫንና አምባዛን ይለያል። ከእነዚህም ውስጥ አምባዛን የሚጠየፍ ብዙ ነው። ምክንያቱ በኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት አይበላ ተብሎ መጻፉ ሲሆን አምባዛ ቈዳው ልሙጥ በመሆኑ ከዚህ ቍጥር ይገባል። የእኛ ትንሽ ዓሣም ልሙጥ ነው፤ እንግዲህ ትንሽነቱ ባያድነው ኖሮ ሕጉ ያድነው ነበር። መረብ የሚጥልበት የለም፤ መንጠቆም አይይዘውም። ከሰው እጅ ግን በዚህ አልዳነም፤ ሰው ሳይፈልገው ሊያጠፋው ይችላልና።

ከጥንት የመጡትን ነገሮች ብንመለከት አንዱ ብርብራ ነው። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ከወንዝ ውስጥ በመጨመር ዓሣን አስክሮ መያዝ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች የታወቀ ዘዴ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለው መርዝ የዓሣው ሰውነት በኦክሲጅን እንዳይጠቀም ያግደዋል። አጥማጁ የሚሰበስበው ትልልቁን ነው፤ በድንጋይ ሥር የሞተውን ትንሹን ግን ማንም አያየውም። ሁለተኛው እንዶድ ነው። በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ ከዚህ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያስታወቁበት ታሪክ የታወቀ ነው። ቀንድ አውጣውን የገደለው ያው አረፋ የዓሣንም መተንፈሻ ይጎዳል። ይሁን እንጂ ፍርዴን ለመስጠት ያህል፥ በብርብራም በእንዶድም ወንዝ አልጠፋም። ሁለቱም በአንድ ቀን በአንድ ቦታ የሚደረጉ ናቸው፤ መርዛቸውም ፈጥኖ ይበተናል፤ ከላይ ያለው ውኃና በላዩ ያሉት ዓሣዎች ተመልሰው ቦታውን ይሞላሉ።

የቈዳው ነገር ግን ሌላ ነው። ቀድሞ በየመንደሩ የነበረው ፋቂ ቈዳውን በእምቧይና በመሳሰሉት ዕፀዋት ያለፋ ነበር፤ በዓመት የሚሠራውም ለአጎዛ፣ ለጠፍር፣ ለስልቻ የሚሆን ጥቂት ነበር። ይህ ባለሙያ ሥራው ሁሉ ለሰው ሲጠቅም በሰው ዘንድ መናቁ ሊጻፍበት የሚገባ ራሱን የቻለ ጕዳይ ነው። ዛሬ በሞጆና በአካባቢው የተተከሉት የቈዳ ፋብሪካዎች በቀን እጅግ ብዙ ቈዳ ይሠራሉ። ፀጕሩን ለመንቀል ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ፣ ቈዳውን ለማልፋት የክሮሚየም ጨው ያስፈልጋቸዋል። ከዚህ የሚተርፈው ዝቃጭ በደንብ ሳይጣራ ወደ ወንዙ መግባቱ በብዙ ምርመራ የተረጋገጠና ሲነገር የኖረ ነው። ሰልፋይድ ራሱ መርዝ ነው፤ ከቈዳው የታጠበው ሥጋና ስብ ደግሞ በውኃው ውስጥ ሲበሰብስ ኦክሲጅኑን ይበላዋል። የጭቃ ልጅ የሆነው አምባዛ ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ሊስብ ይችላል። ከድንጋይ ላይ የተጣበቀው ዘመዱ ግን ይህ ተጨማሪ መተንፈሻ የለውም፤ ያለው በውኃው ውስጥ የተቀላቀለው ኦክሲጅን ብቻ ነው። ወንዙ ከዚያ ወርዶ የሚገባው በ1960 ዓ.ም. በተመረቀው በቆቃ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ነው። በሐይቁ ዳር ያለውም ሕዝብ ከዚያው ውኃ ይጠጣል፤ ዓሣም ያጠምዳል። ስለዚህ የትንሹ ዓሣ ጕዳይ የትንሽ ዓሣ ብቻ አይደለም።

ከመርዙ ሌላ ደግሞ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፤ እርሱም ድንጋዩ ነው። ለቤትና ለመንገድ ሥራ ከወንዝ ድንጋይና አሸዋ ማውጣት በየቦታው የተለመደ ሆኗል። ለሰው ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ለዚህ ዓሣ ግን ቤቱ፣ ማሳውና ምሽጉ ነው። ከላይ ያለው ተዳፋት ሲታረስና ሲራቆት በክረምት የሚወርደው አፈርም እንዲሁ ይጎዳዋል፤ ጭቃ በለበሰ ድንጋይ ላይ ከንፈር አይገጥምም፤ የሚፋቀውም አረንጓዴ ልብስ ይታፈናል። በበጋ ደግሞ በየወንዙ ዳር የተተከለው ሞተር ለሽንኩርትና ለቲማቲም ውኃ ሲስብ አስቀድሞ የሚደርቀው ኵሬው አይደለም፤ ስስ ሆኖ በድንጋይ ላይ የሚሮጠው ክፍል ነው። ይህን የምለው ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም፤ የምንጃርን የውኃ ችግር ያየ ሰው ሞተሩን አይነቅፍም። ነገር ግን ሁለት ሦስት ድንጋይ የሚያርስ ያህል ውኃ በወንዙ ውስጥ እንዲቀር ማድረግ የሚያስቸግር አይመስለኝም።

ዓሣውን በዓይኑ ሊያይ የሚፈልግ ሰው፣ በተለይ በአረርቲና በሞጆ ያሉ የትምህርት ቤት መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ቢወጡ፣ ዘዴው ቀላል ነው። ጊዜው ውኃው የጠራበትና የጎደለበት፣ ከኅዳር በኋላ ያለው ወራት ነው። ከኩሬው ሳይሆን ውኃው ነጭ አረፋ እያነሣ ከሚሮጥበት ቦታ መቆም ያስፈልጋል። ጥቅጥቅ ያለ መረብ ወይም የወንፊት ጨርቅ ከድንጋዩ በታች በኩል ተይዞ ድንጋዩ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ በእጅም ይታሻል፤ የተላቀቀው ሁሉ ከመረቡ ይገባል። የተያዘው ዓሣ ቅርፊት ካለውና ክቡ ከአገጩ በታች ከሆነ ጋራ ነው። ቈዳው ልሙጥ፣ ከንፈሩ ራሱ ክብ፣ የጀርባው ክንፍ እሾሃም ከሆነ ከንፈራሙ ነው። ሲይዙት እሾሁ እንዳይወጋ መጠንቀቅ ይገባል። አይቶና ፎቶግራፍ አንሥቶ በዚያው ውኃ መመለስ ይበቃል፤ ድንጋዩም በነበረበት ገጽ፣ አረንጓዴው ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ፤ የገለበጡትን ድንጋይ እንዲሁ ጥሎ መሄድ የሰውን ቤት አፍርሶ እንደ መሄድ ነው። በሞጆ ብቻም አይወሰን፤ ከሰምና ወደ እርሱ የሚወርዱት ጅረቶችም የአዋሽ ቤተ ሰብ ናቸውና ድንጋያቸው ሊገለጥ ይገባዋል።

በማስታወሻም ላይ ቀኑ፣ የቦታው ስም፣ የውኃው ጥልቀትና የድንጋዩ ዓይነት ቢጻፍ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉት የእንስሳት ሊቃውንት በደስታ ይቀበሉታል። ለዚህ ማኅበር አባላት ግን ሌላ አደራ እጨምራለሁ። ከብት ሲጠብቁ በወንዝ ዳር የሚውሉት እረኞች ከመጽሐፉ በፊት ድንጋዩን የገለበጡ ናቸው። ትንንሹን ዓሣ በአማርኛ ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ ከሞጆ ወዲህ ያሉት የኦሮሞ ልጆችም ቁርጡሚ ከሚለው ከጠቅላላው የዓሣ ስም ሌላ ምን የተለየ ስም እንዳወጡለት፣ እያንዳንዱ መንደር በየራሱ አነጋገር ተጠይቆ ይመዝገብ። ጥያቄውም በወንዙ ዳር ሆኖ፣ ዓሣውን በእጅ ይዞ ቢደረግ ይሻላል።